ስድስት ካርድ የነበራት ጨርቅ ቆራጭ

በስፌት ቤታችን እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁላችንም እትዬ ሜትር እንላታለን። ሰው በበር ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ አንዴ ታየውና፣ “ትከሻ አርባ ሁለት፣ ወገብ ሰማንያ ስምንት” ትላለች። ሜትር አምጥተን ስንለካው ያው ነው። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው፣ ገና ሰላም ሳይል የደረቱን ስፋት ብትነግረው ደንግጦ ቆጣሪውን ሳያነብ ወርዶ ሄደ።

ስፌት ቤቱ ከመስታወት መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ሁለት የብረት ደረጃ ይወጣል። አሥራ አራት የስፌት መኪና በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የእትዬ ሜትር ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለጥበቃ ሠራተኞች የደንብ ልብስ እንሰፋለን። የእኔ መኪና ከእሷ ጠረጴዛ አጠገብ ስለሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ስንሠራ ኖረናል። የማወራውን ያየሁት ከዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ነው፤ የቀረውን ራሷ ነግራኛለች።

የእሷ ሥራ እንዲህ ነው። ጨርቁ ሠላሳ ጊዜ ይደራረባል። በላዩ የልብሱ ቅርጽ ያለበት የቅድ ወረቀት ይቀመጣል፣ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ቢላዋው ሠላሳው ጨርቅ አንድ ላይ ይቆረጣል። እኛ ሰፊዎቹ ስንሳሳት ተርትረን ደግመን እንሰፋለን። እሷ ከተሳሳተች የሚተረተር ነገር የለም፤ አንዱ ስህተት ሠላሳ ነው። ለዚህ ነው የመቁረጫው ቢላዋ ሲነሳ ሁላችንም ወሬ የምናቆመው። እሷ ግን ከመስመሩ ስትወጣ ያየ ሰው አልነበረም።

ሕመሙ የጀመራት አርባ አንድ ዓመቷ ላይ ነው። መጀመሪያ ትከሻዋንና አንገቷን ነበር። ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ትከሻውን ቢያመው ማን ይገረማል? እኛም ወገባችንን ያመናል፤ ቅባት ተዋውሰን ዝም አልን። ከዚያ ወደ ዳሌዋ ወረደ፤ ክንዷ፣ ጉልበቷ፣ የእግሯ ጣት ሳይቀር ተከተለ። ኋላማ “የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?” ሲሏት፣ “የማያመኝን ብነግራችሁ ይቀለኛል” ማለት ጀመረች። ጠዋት ስትነሳ ገላዋ አሚዶ እንደጠጣ ኮሌታ ድርቅ ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኝታ የተነሳችበት ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ስታመላልስ እንዳደረች ዓይነት ነበር የምትመጣው።

ሕመሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር፤ ብቻውን አልመጣም። በዓመቱ ሆዷ ተበላሸ። አንድ ሳምንት ይነፋና ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ መጸዳጃ ቤት ያስሮጣታል። ቀጥሎ ራስ ምታት መጣ፤ በአንድ ጎን የሚወቅርና ብርሃን የሚያስጠላ። የመስኮቱን ጥግ ስትወድ የኖረች ሴት፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀለች። ከዚያ መንጋጋዋ አፏን በከፈተች ቁጥር ቀጭ ማለት ጀመረ። ሽንቷ ያቃጥላታል፤ ሲመረመር ግን ንጹሕ ነው። ልትተኛ ጋደም ስትል እግሮቿ ውስጥ የሚላወስ ነገር ይሰማትና ተነስታ ካልተንጎራደደች አይተዋትም።

ለእያንዳንዱ ሐኪም ቤት ሄደች። ለአጥንቱ አንድ ካርድ፣ ለሆዱ አንድ፣ ለራስ ምታቱ አንድ፣ ለጥርሱ አንድ፣ ለሽንቱ አንድ፤ ብርሃን ስለሚያስጠላት ደግሞ ለዓይኗ አንድ። ስድስቱን ካርድ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ትዞር ነበር። የሆድ ሐኪሙ ስለ ራስ ምታቷ አልጠየቃትም፤ የራስ ሐኪሙ ስለ ሆዷ ስትጀምርለት ለሆድ ሐኪም ተናገሪ ብሎ መለሳት። ስለ ሽንቷ አራት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን ታዘዘላት፣ አራቱም ጊዜ ሆዷን አናወጠው። ለራስ ምታቷና ለገላዋ በየቀኑ የምትውጠው ማስታገሻ ጨጓራዋን ላጠው። የሁሉም የመጨረሻ ቃል ተመሳሳይ ነበር፤ ምርመራው ደህና ነው፣ ምንም የለብሽም።

ሰው ምንም የለብሽም ሲባል ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሷ ግን ከሐኪም ቤት በተመለሰች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያነሰች ትመጣ ነበር። ከኋላዋ የሚባለውንም ታውቀዋለች። የባሏ እህት ለጥየቃ ስትመጣ ገና በሩ ላይ ሆና፣ “ዛሬስ ደግሞ የምኑ ተራ ነው?” ትላለች። እኛም ብንሆን ፊት ለፊት አንናገር እንጂ፣ ትላንት ወገቤን ያለች ሴት ዛሬ ሆዴን ስትል ዓይን ለዓይን የተያየንበት ቀን ነበር። እኔ ራሴ ተያይቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ጨርሶ ያልተጠራጠራት ሰው ባሏ ነው። የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ከቅባት የማይጸዳ። ምርመራው ምንም አላሳየም ሲሉት፣ “መኪናም እኮ ባለቤቱን ሲያስለቅስ ከርሞ ጋራዥ ሲገባ ድምፁን ያጠፋል” ብሎ መለሰ። “ድምፁ የለም ማለት ግን አይደለም። ሰሚው ጋ አልደረሰም።”

ከሁሉ የከፋባት ጭጋጉ ነበር። እሷ ናት ጭጋግ ያለችው። የምታውቀው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ቆሞ እምቢ ይላታል። መቀስ ልትል፣ “ያንን፣ ያንን የሚቆርጠውን” እያለች እጇን ስትዘረጋ እናያለን። ቁጥር ደግሞ ከእጇ ያመልጥ ጀመር። ዕድሜ ልኳን በቁጥር የታመነች ሴት፣ አንዱን ልክ አራት ጊዜ ስትለካ አየኋት፤ አራተኛውንም ሳታምነው።

እንዲህ እያለች ሦስት ዓመት ሠራች። አንድ ቀን ሳትቀር ሠራች ብዬ አልዋሽም፤ ቀርታለች። ግን በመጣች ቀን ያን ሃያ ሁለት ደረጃ በየሰባቱ እያረፈች ወጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ፊቷን አስተካክላ ነበር የምትገባው።

ከዚያ የነርሶቹ ጋውን መጣ። አንድ ሆስፒታል ስልሳ አራት ጋውን አዘዘን፣ ረጅም እጅጌ። የእጅጌው ልክ ሃምሳ አራት ነበር። ጨርቁ ተነጥፎ ተቆረጠ፣ ወደ እኛ ተከፋፈለ። የመጀመሪያውን እጅጌ ትከሻው ላይ ስገጥም ዓይኔ አልወደደውም። ለካሁት። አርባ አምስት ነው። ሁለተኛውን ለካሁ፤ አርባ አምስት። ተነስቼ ወደ ጠረጴዛዋ ሄጄ የቅዱን ወረቀት ሳየው፣ በገዛ ጽሑፏ አርባ አምስት ይላል። አራቱና አምስቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። መቶ ሃያ ስምንቱም እጅጌ አጥሯል።

ቀስ ብዬ አሳየኋት። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው። አላለቀሰችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ቢላዋውን ከሶኬት ነቀለችና ወደ ስፌት ቤቱ ባለቤት ክፍል ሄደች።

ባለቤቱን ጋሼ ቁልፍ እንለዋለን። ወለል ላይ የወደቀ የልብስ ቁልፍ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሳያነሳ አያልፍም፤ ኪሱ ሁልጊዜ ይንኳኳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድንጋጤ ግን አይችልም። ጉዱን ሲሰማ ኪሱን እያንኳኳ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ አንድ ዘዴ መጣለት። ከፋብሪካ የመጣው ጨርቅ አነሰ እንበላቸው አለ።

“ጨርቁ አላነሰም” አለችው እትዬ ሜትር። “ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።”

በማግስቱ ከጋውኖቹ ሦስቱን እስከ መጨረሻው አሰፋችን፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ እጥፋት አስደረገችበት። አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር እጅጌ ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ልብሶቹን አጣጥፋ ያዘች፤ እኔ ሻንጣውን ይዤ አብሬያት ሄድኩ።

የነርሶቹ አለቃ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ጠባብ ቢሮዋ ውስጥ መስኮት ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ። እትዬ ሜትር ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። “ሲስተር፣ ሃምሳ አራት ብላችሁ አዝዛችሁ አርባ አምስት ቆርጬዋለሁ። ስህተቱ የኔ ነው። ከመጣላታችን በፊት ግን አንዴ ይልበሱት” አለቻት።

ሴትየዋ ቆጣ እንደማለት ብላ ለበሰችው። እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ዘረጋች። ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ወደ መታጠቢያው ሄዳ ቧንቧውን ከፍታ እስከ ክርኗ ድረስ ታጠበች። እጅጌው አልረጠበም። ውኃውን ከእጇ እያራገፈች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እጅጌ ስትጠቀልል መኖሯን፣ አንድ ቀን እንኳ ማንም ይህን እንዳልጠየቃት ተናገረች። አርባውን እንዳለ ተቀበለች። ብርድ ለማይስማማቸውና ረጅም ለለመዱት ሃያ አራቱን ግን በልኩ ሠርታችሁ አምጡ አለች። የቀሩትን ባለ አጭር እጅጌ ሃያ አራት ኋላ ለአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሸጥናቸው።

ልንወጣ ስንል አለቃዋ እትዬ ሜትርን መልሳ አስቀመጠቻትና የት እንደሚያማት ጠየቀቻት። ደህና ነኝ አለች።

“ደህና ሰው ወንበር ላይ በሁለት ዙር አይቀመጥም” አለቻት። “መጀመሪያ በእጅሽ፣ ከዚያ በወገብሽ ነው የተቀመጥሽው። መስኮቱን ሸሽተሻል። ስታወሪ ጉንጭሽን ትይዣለሽ። ስንት ዓመትሽ ነው እንዲህ ከሆንሽ?”

እትዬ ሜትር ከረጢቱን አወጣችና ስድስቱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። ሴትየዋ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትገባ አንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም እንዳለች ነገረቻት፤ ስትሄጂም መርጠሽ አትሂጂ አለቻት። “የምታፍሪበትን ጭምር ሁሉንም ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ከነገርሻት አንዱን ታክማለች።”

እትዬ ሜትር ሁሉንም ማስታወስ እንደማትችል ታውቃለች፤ ጭጋጉ አለ። ስለዚህ የምታውቀውን ሥራ ሠራች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከስፌት ቤት ያመጣችውን የቅድ ወረቀት ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋችና በላዩ በጀርባዋ ተኛች። ባሏ ተንበርክኮ ዙሪያዋን በጠመኔ አሰመረ። ብብቷ ሥር ሲደርስ ኮረኮራት፤ ስትስቅ መስመሩ ተወላገደ። በወራት ውስጥ ያን ያህል የሳቅነው ያን ቀን ነው ብላኛለች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው የጀርባዋን ሠሩ።

የራሷን ልክ ከፊቷ ዘርግታ፣ የሚያማትን ሁሉ በቦታው ጻፈችበት። መቼ እንደጀመረ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ፣ ምን ሲመጣ ምን እንደሚከተል። ካርዶቹን እያዩ ባሏ ዓመተ ምሕረቱን ያነባል፣ እሷ ታሰምራለች። ከራስ ወደ ሆድ መስመር፣ ከእንቅልፍ ወደ ሁሉም መስመር። ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ ነጭ ቦታ የቀረው ጥቂት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን ጠቅልለው ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ መነጽር ታደርጋለች፣ ስትሰማ አትጽፍም። ጠረጴዛው አልበቃ ሲል ወረቀቱ ወለል ላይ ተዘረጋ። ሐኪሟ ነጭ ጋውኗን ሰብስባ ተንበረከከችና ከራስ ጀምራ እስከ እግር አነበበችው። ሁለት ሰው በመካከል አንኳክቶ ገብቶ፣ ዶክተሯን መሬት ላይ አይቶ ይቅርታ ብሎ ወጥቷል።

“ይህን የሠራው ማነው?” አለች።

“ጨርቅ ቆራጭ ነኝ” አለቻት እትዬ ሜትር፣ ሌላ ማብራሪያ የማያስፈልገው ይመስል።

ሐኪሟ በጣቷ ትከሻዋን፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን ጫን ጫን እያለች መረመረቻት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ወረቀቱ ላይ ያልጻፉት ምን አለ?

እትዬ ሜትር ወደ ባሏ አየች፣ ባሏ ወደ ጫማው አየ። እሷ ስትነግረኝ እዚህ ቦታ ላይ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። “ጠዋት ስነሳ ቀኑን አልፈልገውም” አለቻት። “መሞት ፈልጌ አይደለም ዶክተር። ብቻ ቀኑ እኔን ዘሎኝ ቢያልፍ እላለሁ።” ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች። ሐኪሟ አላቻኮለቻትም። እስክሪብቶዋን አውጥታ ልቧ ካለበት በላይ ራሷ ጻፈችበት፤ ድብርት፣ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያህል።

የደም ምርመራ ታዘዘ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢዋ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት እንዳለና እንደሌለ፣ ሌላም ሌላም ታየ። ይህን የምታደርገው ሌላ በሽታ ተደብቆ እንዳይታለፍ ነው ብላ ሐኪሟ አስረዳቻቸው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሌላ ሕመምም ሊኖረው ይችላል። በሁለተኛው ቀጠሮ ውጤቱ መጣ። በደሟ ያለው የብረት መጠን ዝቅ ብሏል፤ የቀረው ደህና ነው። ደህና ነው የሚለውን ቃል ስትሰማ እትዬ ሜትር ከረጢቷን አንስታ ለመሄድ ተዘጋጀች። ለምዳዋለች።

“ይቀመጡ እንጂ” አለቻት ሐኪሟ። “ምርመራው ደህና ነው ማለት እርስዎ ደህና ነዎት ማለት አይደለም። ሕመምዎ ስም አለው።”

ስሙ ፋይብሮማያልጂያ ነው። ባሏ በጋራዥ ደብተሩ ላይ ከፋፍሎ ጻፈውና፣ የመለዋወጫ ዕቃ ስም ይመስላል አለ። ሐኪሟ እንዲህ ብላ ገለጸችላቸው። ሥጋው አልቆሰለም፣ አጥንቱ አልተሰበረም፤ ነርቭና አንጎል ግን ድምፁ ከልክ በላይ እንደተከፈተ ሬዲዮ ሆነዋል። መነካቱም፣ ብርሃኑም፣ ሽታውም ይጮህባቸዋል። ይህ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድም። የሚቆጣው አንጀት፣ ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታት፣ የመንጋጋው መገጣጠሚያ፣ ተሕዋስያን ሳይኖርበት የሚያቃጥለው ፊኛ፣ አላርፍ የሚለው እግር፣ የማያሳርፈው እንቅልፍ፣ ድብርቱና ጭንቀቱ ሁሉ አብረውት የሚታዩ ናቸው።

“ስለዚህ ሁሉም አንድ በሽታ ነው?” አለ ባሏ።

“እንደዚያ ብዬ አልዋሻችሁም። እያንዳንዱ ለራሱ ሕመም ነው፣ ለእያንዳንዱም የሚደረግ ነገር አለ። ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ከእንቅልፉ ይነሳል። አንዱን የምናክመው የሌላውን በር ሳናንኳኳ መሆን አለበት።”

እትዬ ሜትር ምን እንደተሰማት ጠይቄያታለሁ። ደስታ ነው አላለችኝም። ፈርታለች፤ ሐኪሟ ጨርሶ ይጠፋል ብላ ቃል አልገባችላትም። “ግን ዋሾ አለመሆኔን አወቅሁ” አለችኝ። “አንቺ ልጅ፣ እኔ ራሴ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር እኮ።”

ከረጢቷ ውስጥ የነበረው ስምንት ዓይነት መድኃኒት ተፈትሾ አራት ሆነ። በየቀኑ የምትውጠው ማስታገሻ ራስ ምታቱን ራሱ ሲያባብሰው ኖሯል፤ እሱ ቀስ በቀስ ቀረ። አላርፍ ላለው እግሯ የብረት ክኒን ተሰጣት። ለእንቅልፉና ለሕመሙ ማታ ማታ የምትወስደው አንዲት ትንሽ ክኒን ታዘዘ። ጥርስ ሐኪሙ ስትተኛ የምትነክሰው ለስላሳ መከላከያ ሠራላት። ስለ ድብርቱ የምታናግራት ባለሙያ ተገኘች፤ በየሁለት ሳምንቱ ሄደች። ደግሞም በእግር መሄድ ታዘዘላት፤ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ። አምስት ደቂቃ ስትባል ተሳድባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለምን አምስት እንደሆነ ገባት።

በሁለተኛው ወር ቀለል አላት። ቀለል ሲላት ደግሞ እንደ ድሮዋ የሆነች መሰላት። በአንድ ቅዳሜ የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች፣ ወጥታ ሰቀለች፣ ወለሉን ፈገፈገች። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አልወረደችም፤ ራሱም፣ ሆዱም፣ ፊኛውም ተጠራርተው መጡ። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። በጥሩ ቀን ላይ የሦስት ቀን ሥራ እንዳትጭን፣ ሳይደክማት በፊት እንድታርፍ ነገረቻት። ይህቺ ትምህርት ከመድኃኒቱ ሁሉ መረረቻት። ሥራ ሳይጨርሱ መቀመጥ በእሷ ቤት ስንፍና ነበር።

ከአልጋ በተነሳች በማግስቱ ጋሼ ቁልፍ ዘንድ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ሦስት ነገር እፈልጋለሁ አለችው። አንደኛ፣ ተቀምጬ ልቁረጥ። ሁለተኛ፣ በየአርባ ደቂቃው አሥር ደቂቃ ልረፍ። ሦስተኛ፣ ከመቁረጤ በፊት ልኩን ሁሉ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልኝ።

“ቆራጭ ተቀምጦ ሲቆርጥ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?” አላት።

“ነገ ያዩኛል” አለችው።

ባሏ ከአንድ ያረጀ አውቶቡስ የሾፌሩን ወንበር ነቅሎ፣ ከፍ ባለ ብረት ላይ በይዶ፣ ሥሩ ጎማ አስገብቶለት አመጣው። ሃያ ሁለቱን ደረጃ በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ መኪናዎቻችንን አቁመን አየነው። ወንበሩ ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ሰውነትን ሳያንገጫግጭ ያነጥራል። ጋሼ ቁልፍ ማንም የማያየው መሰለውና ምሳ ሰዓት ላይ ተቀመጠበት። በሚቀጥለው ሳምንት ለእኛም ወንበር እንዲሠራ ባሏን ጠየቀው።

ልኩን የማነብላት እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን አንገቷን ደፍታ ነበር የሰማችኝ፤ ሕፃን ሆነች የተባለች ያህል አፍራ። እኔም አፈርኩ። በወሩ ግን የሌላ ሰው ሥራም በዚያው መንገድ እንዲነበብ ራሷ አዘዘች፣ የጋሼ ቁልፍ የትዕዛዝ ደብተር ጭምር። በመጀመሪያው ሳምንት ከደብተሩ ሁለት ስህተት አወጣንበት።

አንዴ ልደት ምናምን ብለን ተሰብስበን አንዷ ባልደረባችን ጀግና ናት ብላ ልታመሰግናት ተነሳች። እትዬ ሜትር አቋረጠቻት። “ጀግና አትበሉኝ። ጀግና ስትሉኝ ሁላችሁም ትቆማላችሁ፣ ለእኔ ግን የሚያስፈልገኝ መቀመጫ ነው።” ሳቅን። እኔ ግን ያን ቃል አልሰማኋትም፤ እስከ ዛሬ በልቤ ጀግና እላታለሁ።

ሐኪሟ የወረቀቱን ነገር አልረሳችውም። ሌሎቹ ታካሚዎቼ ስንት ነገር ረስተው ይወጣሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠሩልን ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ሜትር ከጠንካራ ካርቶን የሰው ቅርጽ ቆረጠችላት፤ ስንዝር ተኩል የሆነ፣ የፊትና የጀርባ። ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ማስመር ነው፤ ከዚያ ታካሚው የሚያመውን በቦታው ይጽፋል። የወንድም የሴትም ሠራች፤ ወፍራምና ቀጭንም ሠራች፣ ሰው ራሱን በማይመስል ልክ ላይ ሕመሙን አይጽፍም ብላ። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ያለው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ በገመድ ተንጠልጥለዋል። ማክሰኞ ዕለት የገባ ሰው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው ሲያሰምሩ ያያል።

የባሏ እህትም አንድ ቀን እዚያው አግዳሚ ላይ ተገኘች። ለካ እሷም ዓመታት ሙሉ በራስ ምታት ጨለማ ክፍል ስትገባ ኖራለች፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። የእትዬ ሜትርን መጋረጃዎች ግን በየሦስት ወሩ መጥታ ታጥባለች፤ እትዬ ሜትርም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ያልጠራው የቱ ጋ እንደሆነ ታሳያታለች።

ዘንድሮ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሕመሙ አልሄደም። ደህና ወር አለ፣ ክፉ ሳምንት አለ፤ ክረምትና ጭንቀት ያባብሱታል። አሁን የምትቆርጠው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ታስተምራለች። ቁጥሩ እንደ ድሮው ሁልጊዜ አይመጣላትም፤ ሲመጣ ግን ያው ነው፣ ሜትር አያስፈልገውም።

ዛሬ ጠዋት ለአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኞች የሚሆን መቶ አሥር ቱታ ልንጀምር ነበር። ጨርቁን ዘርግተን ስንጠብቃት ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት። “ዛሬ አልመጣም” አለችኝ። “ገላዬ እምቢ ብሏል። ነገ ከተሻለኝ እመጣለሁ።” ይኸው ነው። ምክንያት አልደረደረችም፣ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ድምፅዋም አልተሰበረም። እንዲህ ብላ መናገርን ለመማር ሦስት ዓመት እንደፈጀባት እኔ አውቃለሁ።

ለጋሼ ቁልፍ ነገርኩት። እሺ፣ ነገ እንቆርጣለን አለና አንድ ቁልፍ ከወለሉ አንስቶ ሄደ። እኛም ጨርቁን ደራርበን፣ አቧራ እንዳይገባው ሸፍነነው፣ ወደየመኪናችን ተመለስን።